ካምቢዮውን ከመክፈታችሁ በፊት፦ የድሮ ባለ ሦስት እግር ሞተር ሲገጣጠም የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሱሉልታም ሆነ ለገጣፎ ያለ መካኒክ ስለ ባለ ሦስት እግር ሲጠየቅ ቶሎ የሚመጣለት ባጃጅ ነው። ባጃጅ ላይ ሞተሩ፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) እና ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) አንድ ላይ ታሽገው ከኋላ ስለሚቀመጡ አንዱን ከሌላው ጋር ማስተካከል የሚባል ሥራ የለም። በድሮዎቹ ላይ ግን ዋናው ሥራ እሱ ነው። በፈረንጆቹ ከ1932 እስከ 1973 የተመረተውን የሃርሊ ዴቪድሰን ሰርቪካር ብንወስድ ሞተሩ ለብቻው፣ ሦስት የፊትና አንድ የኋላ ማርሽ ያለው ካምቢዮ ለብቻው፣ ዲፈረንሻሉም ከኋላ አክሰሉ ላይ ለብቻው ነው። አንድ ካቴና (ሰንሰለት) ከሞተሩ ካምቢዮው ላይ ወዳለው ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀው) ይሄዳል፤ ሌላው ከካምቢዮው ወደ አክሰሉ። ካምቢዮው በሁለቱ መሃል ተወጥሮ ይውላል።

ስለዚህ ካምቢዮው ጥቂት ሚሊ ከቦታው ሲዛነፍ የሚሰማው ድምፅና የሚታየው ምልክት ጥርሱ ያለቀ ካምቢዮ ያስመስለዋል። ስንት ጤነኛ ካምቢዮ በዚህ ምክንያት ተፈቷል! መለዋወጫው ሶማሌ ተራን አዳርሰው የማይገኝ ዕቃ ያለ ጥፋቱ ሲፈታ ያሳዝናል። መጀመሪያ አቀማመጡን እዩ።

አሠራሩ ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ነው። ሞተሩ በቴላዮው (ሁሉም በሚታሰርበት የብረት አካል) ላይ ጠብቆ ይታሰራል፤ ካምቢዮው በሞተሩ ልክ ይስተካከላል፤ አክሰሉ ደግሞ በካምቢዮው ልክ። ከኋላ የጀመረ ሰው የፊተኛውን ካቴና ሲያጠብቅ የኋላውን ያበላሻል፣ ሥራውም ማለቂያ የለውም።

የፊተኛው ካቴና ያለቅሳል፣ በፍሪሲዮኑ በኩል ዘይት ያንጠባጥባል

ካቴናው ከልክ በላይ ጠብቋል ማለት ነው። የጠበቀ ካቴና የካምቢዮውን ዘንግ ወደ ፊት ስለሚጎትት ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ቤሪንግ) ይጋላል፣ ፓራኦሊውም (ዘይት የሚያግደው ጎማ) አንድ ጎኑ ተበልቶ ማፍሰስ ይጀምራል። ፓራኦሊ ብቻ ቀይሮ መዝጋት ችግሩን አይነካውም። የካምቢዮውን ዳዶዎች አላሉና በማስተካከያው ቡሎን ወደ ፊት መልሱት፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ካቴናው መሃሉ ላይ በጣት ሲነሳና ሲወርድ ወደ 12 ሚሊ መጫወት አለበት። አንድ ቦታ ለክታችሁ አትቁሙ። ሞተሩን በእጅ እያዞራችሁ ካቴናው በጣም የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጉና ልኩን እዚያ ላይ ያዙ። አንድ ቦታ ጠብቆ ሌላ ቦታ በጣም የሚላላ ከሆነ ካቴናው ወይም ኮሮናው (ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት) አልቋል።

ማለቁን ለማረጋገጥ ካቴናውን ወጥራችሁ ለኩ። ባለ 15.875 ሚሊ ካቴና አዲስ ሲሆን 20 ዘለላው ከፒን መሃል እስከ ፒን መሃል 317.5 ሚሊ ነው። 324 ከደረሰ ይቀየር።

የካቴናው ዘለላዎች ጎን በአንድ በኩል ብቻ ይብለጨለጫል

ሁለቱ ኮሮናዎች አንድ መስመር ላይ አይደሉም። ጥርሶቹን በባትሪ እያበራችሁ ተመልከቱ፤ የአንዱ ኮሮና ጥርስ በቀኝ ጎኑ፣ የሌላው በግራ ጎኑ ከተላጨ አንደኛው ወደ ጎን ወጥቷል። ቀጥ ያለ ብረት በሁለቱ ፊት ላይ አጋድሙ፤ ሁለቱንም በየሁለት ቦታ፣ በአራት ነጥብ መንካት አለበት። የኮሮናዎቹ ውፍረት የተለያየ ከሆነ ግን ፊታቸው ያሳስታል፤ ከጥርሱ መሃል ለኩ።

መጀመሪያ የሌላ ሞዴል ኮሮና ተገጥሞ እንዳይሆን አጣሩ፤ በተለይ ከሌላ ማሽን ተነቅሎ የመጣ ዕቃ ከሆነ። ከዚያ በስስ ሮንዴላ (ቀለበት ብረት) ይስተካከላል። ኮሮናው በሾጣጣ ዘንግ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ከጀርባው ሮንዴላ መጨመር አይቻልም፣ ዘንጉን አይነክስም። ያኔ የሚጠጋው ካምቢዮው ራሱ ነው።

የካምቢዮው ዳዶ ሲጠብቅ ካምቢዮው መዞር ይከብደዋል፣ ሲላላ ይቀለዋል

ይህን ምልክት ብዙዎች ያልፉታል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው ነው። የካምቢዮው መቀመጫ ብረት ተጣሟል ማለት ነው። እዚህ አካባቢ የድሮ ቴላዮ ሳይበየድ የቀረ ስለማይገኝ፣ በየብየዳው ሙቀት መቀመጫው ሳይታይ ይጠመዘዛል። ካቴናዎቹን አውልቁ፣ ካምቢዮውን በመቀመጫው ላይ አሳርፉና ዳዶዎቹን በጣት ብቻ ያዙ። በየጥጉ የጺም ምላጭ ለማስገባት ሞክሩ። ምላጭ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ገደማ ስለሆነ ሦስት ጥግ እምቢ ብሎ አራተኛው ሁለትና ሦስት ምላጭ ከዋጠ ክፍተቱን አገኛችሁት።

ያንን ክፍተት በዳዶ ጉልበት መዝጋት ትልቁ ጥፋት ነው፤ የአሉሚኒየሙ ቤት ይጠማዘዛል፣ ውስጥ ያሉት ዘንጎች መስመራቸውን ይስታሉ፣ ውሎ አድሮም እግሩ ይሰነጠቃል። በክፍተቱ ልክ ቆርቆሮ ቆርጣችሁ ከሥሩ አስገቡ። ጥመቱ ከ1 ሚሊ በላይ ከሆነ መቀመጫው ተነቅሎ ቶርኖ ቤት ይስተካከል።

ጭነት ሲይዝ ሁለተኛ ማርሽ ያመልጣል

«ማርሹ አልቋል» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። በእጅ ማርሽ በሚቀየርበት ሞተር፣ ከታንከሩ ጎን ካለው እጀታ ወደ ካምቢዮው የሚወርድ ዘንግ አለ። ካቴና ለማጥበቅ ካምቢዮውን ወደ ኋላ በገፋችሁት ቁጥር የዚህ ዘንግ ልክ ይፋለሳል። እጀታው ሁለተኛ ላይ ሆኖ ሳለ ካምቢዮው ውስጥ ማርሹ ግማሽ ጥርስ ብቻ ይዟል፤ ዳገት ሲመጣ ይወጣል።

ዘንጉን ከካምቢዮው በኩል ፍቱት። የካምቢዮውን ክንድ በእጃችሁ እያንቀሳቀሳችሁ፣ የኋላ ጎማውን በዝግታ እያዞራችሁ፣ ሁለተኛ ላይ «ቀጭ» ብሎ የሚቀመጥበትን ፈልጉ። እጀታውንም ሁለተኛ ላይ አድርጉ። አሁን የዘንጉን ጫፍ አዙራችሁ አስረዝሙ ወይም አሳጥሩ፤ ፒኑ ሳይገፋና ሳይጎተት በራሱ ክብደት ቀዳዳው ውስጥ መግባት አለበት። በመዶሻ የገባ ፒን ልኩ አልመጣም። ከዚያ ፍሪ፣ አንደኛ፣ ሦስተኛና የኋላ ማርሽ ሁሉም መያዛቸውን ሞክሩ።

የፍሪሲዮኑም መጎተቻ አብሮ ይፋለሳል። ቆማችሁ ማርሽ ስታስገቡ ቢጮህ ወይም ፍሪሲዮን ተይዞ ተሽከርካሪው ወደ ፊት ቢገፋ እሱን አስተካክሉ።

ጋዝ ሲሰጥ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል

አክሰሉ ተንጋዷል። ከመሪው አንገት መሃል እስከ ግራና ቀኝ ጎማ መሃል በሲባጎ ለኩ፤ እኩል ካልሆነ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ አክሰሉን አስተካክሉ። አክሰሉ በባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) ላይ ከሆነ የካቴናውን ልክ ዕቃ ጭናችሁ ያዙ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ጭነት አድርጋችሁ ከሱሉልታ ወደ እንጦጦ ውጡ፣ ተመለሱ፣ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፣ ሁለቱንም ካቴና እንደገና ለኩ። ሁለቱም በትንሹ ከላሉ አዲስ ካቴና ቦታውን እየያዘ ነው፣ መልሶ ማጥበቅ ይበቃል። የፊተኛው ጠብቆ የኋለኛው ከላላ ግን ካምቢዮው ወደ ኋላ ተጎትቷል፤ ዳገት ላይ የኋላው ካቴና ከፊተኛው ይበልጥ ይስባልና። ዳዶዎቹ በቀለም ወይም በዝገት ላይ ጠብቀው ይሆናል፤ መቀመጫውን እስከ ባዶ ብረቱ ፍቃችሁ፣ በአዲስ ሮንዴላ አጥብቃችሁ፣ የማርሹን ዘንግ ደግማችሁ ለኩ።