ተሳቢ እየጎተትን ናፍጣ ስንሞላ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሐምሌ ነብራስካ ውስጥ ኢንተርስቴት 80 ላይ ካለ አንድ ትራክ ስቶፕ (የትራኮች ማደያና ማረፊያ) ገባሁ። የቀረኝ የመንዳት ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነበር። የትራክ መስመሮቹ በሙሉ ተይዘዋል። አጭር የመሰለኝ ወረፋ ላይ ቆምኩ። ከፊቴ ያለው ግን ትራክ አይደለም። ትልቅ የቤተሰብ ተሳቢ የሚጎትት የናፍጣ ፒክአፕ ነው። መቅጃው ቦታው ተመልሷል። ሹፌሩ የለም። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ፤ አሥር፤ ሃያ። ሃያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ባለቤቱ ፒዛ ይዞ፣ ልጆቹን አስከትሎ ወጣ። ሀበሻ ነው።

ልናገረው ወርጄ ነበር። ሲያየኝ ግን ፊቱ በራ። «ሰላም ነው ወንድሜ? ከየት ነው?» አለኝ። የያዘብኝን መስመር አሳየሁት፤ ስለ ሰዓቴ ነገርኩት። ሰውየው ደነገጠ። «በእግዚአብሔር፣ ማንም አልነገረኝም» አለ። እውነቱን ነው። ተሳቢ የሚሸጥልን ሰው አልጋውንና ምድጃውን ያሳየናል እንጂ ማደያ ውስጥ እንዴት እንደምንገባ አይነግረንም።

እኔ ትራክ መንዳት ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ለቤተሰቡም 30 ጫማ ተሳቢ ገዝተን፣ በናፍጣ ፒክአፕ እየጎተትን ከዴንቨር ላስ ቬጋስ ዘመድ ጥየቃ እንሄዳለን። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። ከታች ካሉት ስህተቶች አንዳንዶቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

የትራክ መስመር ላይ መኪና ጥሎ መሄድ

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ስለሆነ ከዚህ ልጀምር።

ትራክ በሚቀዳበት በኩል መቅዳት ነውር የለውም። ተሳቢ ለሚጎትት እንዲያውም ትንንሽ መኪና ከሚቀዳበት በኩል ይሻላል። መግቢያው ሰፊ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ይላል፤ ቀጥ ብሎ ገብቶ ቀጥ ብሎ መውጣት ነው። ችግሩ የሚመጣው ቀድተን ከጨረስን በኋላ ነው።

የትራክ ሹፌር በሰዓቱ አያዝበትም። ሕጉ የሚፈቅድለት 11 ሰዓት መንዳት ነው። እሱንም ሥራ ከጀመረበት ደቂቃ አንስቶ በ14 ሰዓት ውስጥ መጨረስ አለበት። ከ2017 መጨረሻ ወዲህ ሰዓቱን የሚመዘግበው ከሞተሩ ጋር የተያያዘ መሣሪያ ነው። ያ መሣሪያ ወረፋ ላይ ነው ብሎ አይራራለትም። 14ቱ ሰዓት ቆሞም ይቆጥራል። እናንተ ፒዛ ስትጠብቁ እሱ 25 ማይል አጣ ማለት ነው። ከመሸ ደግሞ የትራክ ማቆሚያ ይሞላል። ቦታ ያጣ ሹፌር የአውራ ጎዳና መውጫ ዳር ላይ ያድራል። እኔ እንደዚያ አድሬያለሁ። ሌላ ትራክ ባለፈ ቁጥር መኪናው ይናጣል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ጠዋት ያ ሹፌር 80 ሺህ ፓውንድ ይዞ ከእናንተ ልጆች ጎን ይነዳል።

ቀድታችሁ ስትጨርሱ መቅጃውን መልሱ፤ ክዳኑን ግጠሙ፤ ከፊታችሁ መሬቱ ላይ እስከተሰመረው መስመር ድረስ ወደፊት ሳቡ። ደረሰኝና ሽንት ቤት ከዚያ በኋላ። ምግብ ካሰባችሁ ደግሞ ሄዳችሁ ማቆሚያ ቦታ ላይ አቁሙ። መስታወት መወልወል ያማራችሁ ናፍጣው እየወረደ ሳለ ወልውሉ። ሹፌሮቹ ተሳቢ ይጠላሉ የሚባለው ውሸት ነው። ወደፊት ለሳበ ሰው እጃቸውን አንስተው ሰላም ይላሉ።

እግረ መንገዴን፣ የትራክ ፓምፕ ግራና ቀኝ ነው፤ ትራክ በሁለቱም ጎን ሳልባቲዮ ስላለው። ካርድ የሚቀበለው ዋናው ነው። ዋናው ካልተከፈተ ማዶ ያለው ቢጨምቁት አይወርድም። ማሽኑ «ትራክተር ወይስ ሪፈር» ብሎ ከጠየቃችሁ ትራክተር በሉ። ሪፈር የሚለው የጭነት ተሳቢን ለሚያቀዘቅዝ ሞተር ነው። ለእሱ የሚሸጠው ናፍጣ ቀይ ቀለም የገባበትና የመንገድ ግብር ያልተከፈለበት ሊሆን ይችላል። እሱን መንገድ ላይ በሚሄድ መኪና መጠቀም በፌዴራል ሕግ 1,000 ዶላር ወይም በጋሎን 10 ዶላር ያስቀጣል፤ ከሁለቱ የሚበልጠውን። የትራክ መቅጃ አፉም ወፍራም ነው፤ ጉልበቱም ከባድ ነው። ፒክአፓችሁ ካልተቀበለው አታስገድዱት። ከተቀበለውም በቀስታ ጭመቁት፤ ናፍጣ አረፋ ያወጣል፤ አረፋው ደግሞ ልብስ ላይ ነው የሚመጣው።

መውጫውን ሳያዩ መግባት

ይሄኛው የእኔ ነው። ተሳቢውን በገዛን በሁለተኛው ወር፣ ዩታ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ከሚገኝ ማደያ ገባሁ። ፓምፖቹ አፍንጫቸውን ወደ ሱቁ ያዞሩ ዓይነት ናቸው። ቀድቼ ስጨርስ ከፊቴ ሱቁ አለ። ከኋላዬ ሁለት መኪና ቆሟል። ትራክ ነጂ ነኝ ብዬ ቀኝ ጠምዝዤ ልወጣ ሞከርኩ። ባለቤቴ ከታች ሆና «ቁም! ቁም!» ትላለች። መስኮቴ ዝግ ነው። የተሳቢው ጭራ በግራ በኩል ወጥቶ ፓምፑን የሚጠብቀውን ቢጫ የብረት ምሰሶ አገኘው። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ፓምፑን አግኝቶት ቢሆንስ እያልኩ ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ።

የትራክ ልምዴ ያሳሳተኝ እዚህ ላይ ነው። የትራክ ተሳቢ ጎማው ወደ መጨረሻው አካባቢ ነው። የቤተሰብ ተሳቢ ግን ጎማው ወደ መሐል ይጠጋል። ከጎማው በኋላ ብዙ ጫማ ትርፍ አካል አለ። ወደ ቀኝ በኃይል ስትጠመዝዙ ያ ትርፍ ወደ ግራ ይወጣል። የውስጠኛው ጎን ደግሞ የፒክአፑን ዱካ አይከተልም፤ ጥጉን ቆርጦ ይገባል። ስለዚህ አንዱ ጎን ምሰሶ ይልሳል፤ ሌላው ጎን ጎረቤት ይገጫል።

ማደያ ከመግባታችሁ በፊት መንገድ ላይ ሳላችሁ የምታዩት መውጫውን ነው። ከፒክአፑ ጋር ከ50 ጫማ በላይ ናችሁ። ፓምፖቹ ከሱቁ ትይዩ የተደረደሩ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ዳር ያለውን ያዙ። ወደ ሱቁ ያፈጠጡ ከሆነ እለፉት። ሌላ ማደያ ይመጣል። ማታ ሆቴል ወይም ካምፕ ከደረሳችሁ በኋላ ስልካችሁ ላይ የነገውን ማደያ ከሰማይ በተነሳ ፎቶ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ስትወጡም ሙሉ በሙሉ ቀጥ ብላችሁ ሳቡ፤ የተሳቢው ጭራ ምሰሶውን ሲያልፍ ብቻ ጠምዝዙ። ረዳት ይኑራችሁ። አገር ቤት የጭነት መኪና ያለ ረዳት አይንቀሳቀስም፤ እዚህ መጥተን ለምን እንደተውነው አላውቅም። መስኮት ክፈቱ፤ ሬዲዮ ዝጉ። «ቁም» ሲባል ምክንያቱን ሳትጠይቁ ቁሙ።

የተሳቢያችሁን ቁመት ደግሞ ጣሪያው ላይ ያለውን ኤሲ ጨምራችሁ ለኩ። መኪናው ውስጥ ፊት ለፊታችሁ ጽፋችሁ ለጥፉት። የድሮ ማደያ ጣሪያ ዝቅተኛ ነው።

እጀታውን በቀለም መለየት

«አረንጓዴው ናፍጣ ነው» የሚል ምክር ሲሰጥ በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። አብዛኛው ማደያ ላይ እውነት ነው። ቢፒ ማደያ ላይ ግን አረንጓዴው እጀታ የቤንዚን ነው። ቀለሙን ተዉት፤ ጽሑፉን አንብቡ። የቤንዚን መቅጃ አፉ ቀጭን ስለሆነ ናፍጣ መኪና ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። ብዙ መኪና ላይ የሚያስቆመው ነገር የለም።

አንድ ጎረቤቴ ከመንገድ ደወለልኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «12 ጋሎን ቤንዚን ሞላሁ፤ ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ሞተሩን አስነስተሃል?»

«አላስነሳሁም።»

«ቁልፉን ኪስህ ክተት። ማንም እንዳይነካው።»

ያቺ አንድ ነገር አዳነችው። ሳልባቲዮውን አስቀድቶ፣ አጥቦ፣ የመጎተቻውን ከፍሎ በማግስቱ መንገዱን ቀጠለ። አስነስቶት ቢሆን ታሪኩ ሌላ ነበር። የዘመኑ ናፍጣ ሞተር ነዳጁን ወደ 30,000 ፒኤስአይ በሚጠጋ ግፊት ነው የሚረጨው። ያን ግፊት የሚሠራው ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ቤንዚን ያደርቀዋል። ብረት ከብረት ይፋጫል፤ ብናኙ እስከ ኢንጀክተሮቹ ድረስ ይሄዳል። ያኔ ሙሉ መስመሩን መቀየር ነው፤ ሂሳቡም ከ10,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ቁልፉን ለሬዲዮ ብላችሁ እንኳ አታዙሩ፤ ሳልባቲዮ ውስጥ ያለችው ትንሿ ፖምፓ ቁልፍ ሲዞር መግፋት ትጀምራለች።

ሰማያዊው ክዳን

ከናፍጣው ክዳን አጠገብ ያለው ሰማያዊ ክዳን የዴፍ ነው። ዴፍ 32.5 በመቶ ዩሪያ ነው፤ የቀረው ንጹሕ ውኃ። ጭስ ለማጽዳት ነው እንጂ ነዳጅ አይደለም። ዴፉ የናፍጣው ሳልባቲዮ ውስጥ ከገባ እንደ ቤንዚኑ ነው፤ ሞተር አታስነሱ፤ ጎታች ጥሩ። የሁለቱንም ክዳን አንድ ላይ አትክፈቱ። አንዱን ሞልታችሁ ዝጉ፤ ከዚያ ሌላውን።

ጋዝ ከፍቶ ማደያ መግባት

ብዙ ሰው የልጆቹ ወተትና ምግብ እንዳይበላሽበት የተሳቢውን ፍሪጅ በጋዝ እያሠራ ይጓዛል። የዚያ ፍሪጅ እሳት ያለው ከተሳቢው ጎን በታችኛው መስኮት ውስጥ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ መሬት ይወርዳል። እናንተ ናፍጣ ብትቀዱም ከጎናችሁ ያለው ሰው ቤንዚን ይቀዳል። እሳቱና ትነቱ በአንድ ቁመት ላይ ተገናኙ ማለት ነው። የውኃ ማሞቂያውና ሂተሩም ሰው ሳይነካቸው በራሳቸው የሚለኮሱ ናቸው።

ማደያው ከመድረሳችሁ በፊት የሆነ ቦታ ቁሙና ሲሊንደሩ ላይ ዝጉት። ፍሪጁ ካልተከፈተ ለሰዓታት ቅዝቃዜውን ይይዛል። እኔ እንዲያውም ስንጓዝ ጨርሶ አልከፍተውም። በዚህ ነገር ከማንም ጋር አልከራከርም። ልጆቻችሁ መኪና ውስጥ ናቸው።

መኪናው የሚያሳየውን ማይል ማመን

ዳሽቦርዱ «380 ማይል ቀርቶሃል» ይላል። ያ ቁጥር ባዶውን ስትነዱ ከነበረው ፍጆታ የተሰላ ሊሆን ይችላል። ተሳቢ ስትጎትቱ በጋሎን የምትሄዱት ማይል ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ዳገትና የፊት ነፋስ ሲጨመር ከዚያም በታች።

ለእኛ ለዴንቨር ሰዎች ይህ ቀልድ አይደለም። ኢንተርስቴት 70 ላይ ዩታ ውስጥ ከግሪን ሪቨር እስከ ሳሊና ከ100 ማይል በላይ አንድም ማደያ የለም። መንገዱም ዳገት ነው። ግሪን ሪቨር ላይ ግማሽ አለኝ ብላችሁ አትለፉ፤ ሙሉ። ናፍጣ ሞተር ደግሞ ደርቆ ሲቆም መስመሩ አየር ይስባል። ጄሪካን አምጥቶ መጨመር ብቻ ላያስነሳው ይችላል፤ አየሩ መውጣት አለበት።

በዚያውም ቀድታችሁ ወደፊት ከሳባችሁ በኋላ ተሳቢውን አንድ ዙር ዞራችሁ እዩ። የእያንዳንዱን ጎማ ቸርኬ መሐል በእጃችሁ ጀርባ ቅረቡት። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከሞቀ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ እየተናገረ ነው።

የሞቀ አገር ናፍጣ ይዞ ብርድ አገር መግባት

ለገና ወይም ለጥምቀት የምትጓዙ ይህን ስሙኝ። በመጀመሪያው ክረምቴ አማሪሎ፣ ቴክሳስ ላይ ርካሽ አገኘሁ ብዬ ሁለቱንም ሳልባቲዮ ጢም አድርጌ ሞላሁ። በማግስቱ ዋዮሚንግ ውስጥ ከላራሚ አለፍ ብዬ ሞተሩ ጉልበት አጣ። ነዳጅ እረግጣለሁ፤ አይሄድም። ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ጠፋ። ናፍጣ ውስጥ ሰም አለ። ብርዱ ሲጠና ሰሙ ይረጋና ፊልትሮውን ይዘጋል። የብርድ አገር ማደያዎች በክረምት ቁጥር 1 የሚባለውን ናፍጣ ቀላቅለው ወይም መድኃኒት ጨምረው ይሸጣሉ። የቴክሳሱ ናፍጣ ለቴክሳስ አየር የተዘጋጀ ነበር። ስድስት ሰዓት ያን ነፋስ ውስጥ ተቀምጫለሁ።

ወደ ሰሜን ስትሄዱ የሞቀው አገር ላይ ሳልባቲዮ አትሙሉ። የሚያደርሳችሁን ያህል ቅዱ፤ ብርዱ ከመግባቱ በፊት የአካባቢውን ናፍጣ ጨምሩ። ፀረ-መርጊያውን (ናፍጣው እንዳይረጋ የሚጨመረውን መድኃኒት) የምትጨምሩት ከመቅዳታችሁ በፊት ነው፤ የሚወርደው ናፍጣ ራሱ እንዲያማስለው። ከረጋ በኋላ እሱ አይሠራም፤ የረጋውን የሚያቀልጥ ሌላ ዓይነት አለ። እኔ አሁን ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ሁለቱንም ከአንድ ትርፍ ፊልትሮ ጋር ወንበሩ ሥር ይዤ ነው የምሄደው።