የፎቶ ቤት ፍላሽ የጠፈር መሣሪያ ሲሆን፦ ችግርና መፍትሄ

ከአሮጌ የካሜራ ፍላሽ ለፊልም ወይም ለድራማ የጠፈር ተዋጊ መሣሪያ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው የስታር ዋርስ ፊልም ላይ ያለው የሉክ ስካይዎከር የብርሃን ሰይፍ እጀታ ግራፍሌክስ የተባለ የአሜሪካ ፍላሽ ነው። የፊልሙ የትዕይንት ዕቃ አዘጋጅ ሮጀር ክርስቲያን ለንደን ውስጥ ከአንድ የፎቶ ዕቃ መደብር አገኘው። ጥቁር ስትሪፕ ለጠፈበት፣ የካልኩሌተር ቁራጭ ሰካበት፣ አለቀ።

ጅማ ላይ ግራፍሌክስ መፈለግ ግን ትርፉ ድካም ነው። እዚህ እጃችሁ የሚገባው ፎቶ ቤት መደርደሪያ ላይ የተረሳ ወይም ሂርማታ ገበያ ከቆራሌ ዕቃ መሃል የሚወጣ ኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ነው። ልዩነታቸው ቀላል አይደለም። ግራፍሌክስ ሦስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ የሚይዝ ባዶ ቱቦ ነው፤ አምፖሉ አንዴ ቦግ ብሎ ይቃጠላል፣ በቃ። ኤሌክትሮኒኩ ግን ሆዱ ውስጥ ሰው የሚጎዳ ነገር አለው። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

«ድንጋዩን አውጥቼው ነበር፤ ግን ነዘረኝ»

ምክንያቱ ካፓሲተሩ ነው። አውራ ጣት የሚያህል፣ ሁለት እግር ያለው ሲሊንደር ታያላችሁ። አራቱ ትንንሽ ድንጋዮች ተደምረው 6 ቮልት ቢሆኑም ሰርኪዩቱ ወደ 300 ቮልት ገደማ አሳድጎ እዚያ ያጠራቅመዋል። የቤታችን ሶኬት 220 መሆኑን አስቡ። ድንጋዩ ከወጣ በኋላም ለቀናት ሊቆይ ይችላል።

ብዙ ሰው ሁለቱን እግሮች በካቻቢቴ ያገናኛል። አታድርጉት። ጧ ብሎ ይፈነጥቃል፣ የካቻቢቴውን ጫፍ ያቀልጣል፣ ዓይንም አይምርም። ይልቅ ባለ 220 ቮልት የድሮ ባለ ክር አምፖል ከነመያዣው ፈልጉ፤ ኤልኢዲ አይሆንም። ሁለት ሽፋን ያላቸው ሽቦዎች አውጡለትና ጫፎቹን ካፓሲተሩ እግሮች ላይ አስነኩ። አንድ እጃችሁ ከጀርባችሁ ይሁን። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ቶሎ አታንሱ፤ ጥቂት ሰከንድ ያዙት።

ከዚያ ቴስተሩን ዲሲ 1000 ላይ አድርጋችሁ ለኩ። አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙት፤ ካፓሲተር ባዶ መስሎ ትንሽ ቮልት መልሶ ያወጣል። ቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሿን የማስነሻ ካፓሲተርም እንዲሁ አድርጓት። ዜሮ መሆኑን ሳታዩ ጣት አይገባም። ይህን ሥራ ልጆች አይሥሩት፤ የትምህርት ቤት ድራማ ቢሆንም ከፍቶ ባዶ የሚያደርገው አዋቂ ነው።

ድንጋዩ ውስጡ ተጣብቆ ቀርቷል

ድንጋዩ አፍስሷል። የጅማ ዝናብ ረዥም ነው፤ እርጥበቱ ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል። አትቀጥቅጡት። ክዳኑ ዙሪያ ደብልዩ ዲ 40 የተባለውን ዝገት ማላቀቂያ ነፍታችሁ አሳድሩት፤ በማግስቱ እየጠመዘዛችሁ አውጡት። መገናኛው ላይ ያለውን ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ሎሚ በነካ ጥጥ ጥረጉት። ትንሽ ይፍለቀለቃል፣ አይዟችሁ። ቀጥሎ በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ በአልኮል፣ ከዚያ ፀሐይ። መገናኛው ተበልቶ ካለቀ ከተበላሸ የእጅ ባትሪ ሞላውን ነቅሎ መተካት ነው።

ክሮሙ ከተላጠስ? እኔ አልነካውም። የተፋቀ ነሐስ ካሜራ ፊት ከአዲስ ክሮም ይልቅ ጦር ሜዳ የዋለ ይመስላል። ማለስለስ ካለባችሁ ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እየነከራችሁ ፈግፍጉ፤ ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ኤልኢዲው ቦግ አለና ሞተ

ለመብራት ያስገባችሁት ኤልኢዲ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገታ ትንሽ ዕቃ) የለውም። ለእሱ የምትሰጡት ሦስት ድንጋይ 4.5 ቮልት ነው። ነጭ ወይም ሰማያዊ ኤልኢዲ 3.2 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል፤ ለተለመደው ባለ 20 ሚሊአምፔር 68 ኦም ይበቃል። ቀይ 2 ቮልት ገደማ ስለሚበቃው 150 ኦም ስጡት። ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ከተበላሸ ቦርድ ላይ ነቅሎ ይሰጣችኋል።

ሳይሞት ደብዘዝ ካለ፣ ወይም ስታወዛውዙት ብልጭ ድርግም ካለ፣ ጥፋቱ የኤልኢዲው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የእጀታውን የብረት ቱቦ እንደ ኔጌቲቭ ሽቦ ተጠቅማችሁበት፣ መሃል ላይ ቀለም ወይም ዝገት ገብቷል። የቱቦውን ነገር ተዉትና ሁለተኛ ሽቦ ዘርጉ።

ሲወዛወዝ ውስጡ ይንኳኳል፣ ጭንቅላቱም ይወልቃል

ሱፐር ግሉ እዚህ አይረዳም፤ አንድ ጊዜ ሲወድቅ ይለቃል። ጅማ ላይ ግን ለዚህ ችግር ያለን መድኃኒት ሌላ ከተማ በቀላሉ አይገኝም፤ በርጩማ ሠሪዎቻችን። የቱቦውን የውስጥ ስፋት ለክታችሁ ከዋንዛ ቁራጭ ድብልብል ውታፍ አስቀርጹ። «ልክክ ይበል» ብላችሁ አትዘዙ፤ ክረምት ሲገባ እንጨት ያብጣል፣ ቱቦውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑረው። ዙሪያውን ቫርኒሽ ቀቡት፣ መሃሉን ለሽቦ ብሱት፣ ከውጭ በሁለት ትንንሽ ብሎን እሰሩት። ብሎኑ ሲፈታ ፍላሹ እንደነበረ ይመለሳል። የሚሠራ ወይም ብርቅ ፍላሽ ከሆነ ይህ ግድ ነው፤ ኢፖክሲ የገባበት ዕቃ ግን አለቀለት።

ቀለሙ ይላጣል

ቅባት ነው። በአልኮል ጥረጉ፣ አንቲራስት ቀቡ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትጨምሩ።

በዓይን ደህና ነው፣ ቪዲዮ ላይ ግን መስመር ይሠራል

ብርሃን መቀነሻ ሞጁል አስገብታችኋል ማለት ነው። እሱ ኤልኢዲውን በፍጥነት እያበራ እያጠፋ ነው የሚያደበዝዘው፤ ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ያየዋል። ሞጁሉን አውጡና ከፍ ያለ ሬዚስተር አድርጉ፤ ከ68 ይልቅ 150 ወይም 220 ኦም ሞክሩ። ለሰይፉ ስለቱ ደግሞ ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ ቱቦ ፈልጉ። የተቃጠለ ፍሎረሰንት የሚያስቡ አሉ፤ መስታወት ነው፣ ውስጡም ሜርኩሪ አለ፣ ሁለት ተዋናይ አንዴ ካጋጩት ቀረጻው እዚያው ላይ ያበቃል።