በወረርሽኝ ጊዜ ከደሴ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ወረቀት እንዴት ይዘጋጃል?

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድን አስቸኳይ ጊዜ ያነሳው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ግን አገሮች መልሰው የሚጠይቁት ያንኑ ነው፦ ምርመራ፣ ክትባት፣ ፎርም። ደሴ ፒያሳ ኮምፒውተር ቤት ቁጭ ብዬ የመንገደኛ ወረቀት ሳትም እንዳየሁት፣ ሰው የሚወድቀው ሕጉን ባለማወቅ አይደለም። በሰዓትና በቀን ቆጠራ ነው።

መጀመሪያ የአየር መንገዱንና የምትሄዱበትን አገር ኤምባሲ ገጽ አንብቡ። ቴሌግራም ላይ የሚዞር ስክሪንሾት አትመኑ። አሜሪካ ለተከተበ መንገደኛ ከበረራው በፊት በ3 ቀን ውስጥ የተደረገ ምርመራ ስትቀበል ቆይታ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 2021 ወደ 1 ቀን አወረደችው፤ የሰነበተ ስክሪንሾት የያዘ ሰው እዚያው ቀረ ማለት ነው።

ስታነቡ «ከመነሳት በፊት» እና «ከመድረስ በፊት» የሚሉትን ለዩ። ካናዳ የምርመራውን 72 ሰዓት የምትቆጥረው ወደ እሷ የሚገባው አውሮፕላን ከሚነሳበት ሰዓት ነበር። ኢትዮጵያ ደግሞ ለሚገቡት 120 ሰዓቱን የቆጠረችው ከሚደርሱበት ነው። ትራንዚት ካላችሁ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ደግሞም ብዙ ጊዜ የሚታየው ናሙና የተሰጠበት ሰዓት ነው እንጂ ውጤቱ የወጣበት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ትኬቱ ማርች 10፣ 01:30 ይላል እንበል። በእኛ ከሌሊቱ 7፡30 ነው። ማርች 10 ሲመነዘር መጋቢት 1 ነው፤ እዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ችግሩ የፈረንጁ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይቀየራል፣ የእኛ ሰው ደግሞ እስኪነጋ ድረስ የትናንቱ ሌሊት ነው የሚለው። ስለዚህ ያ በረራ በእኛ አነጋገር የየካቲት 30 ሌሊት ነው። ቦሌ መገኘት ያለባችሁ የካቲት 30 ማታ ነው። ሻንጣውን አስሮ መጋቢት 1 ማታ የመጣ ሰው፣ አውሮፕላኑ ካመለጠው ቀኑ ሊሞላ ነው።

አገሩ «ከመነሳት በፊት 72 ሰዓት» ካለ፣ ከበረራው ወደ ኋላ ስትቆጥሩ የየካቲት 27 ሌሊት፣ 7፡30 ላይ ታርፋላችሁ። የካቲት 27 ከሰዓት በኋላ የተሰጠ ናሙና አይሠራም፤ የካቲት 28 ጠዋት 3 ሰዓት የተሰጠ ይሠራል። ለውጤቱ አንድ ቀን ያዙለት፤ 29 እጃችሁ ይገባል፣ 30 ትርፍ ነው። የቀን መቀየሪያ አፕ ቀኑን ይመነዝራል እንጂ የሌሊቱን ነገር አይነግራችሁም። ወረቀት ላይ ከላይ የፈረንጁን፣ ከታች የእኛን ቀንና ሰዓት ጎን ለጎን ጽፋችሁ ቁጠሩ።

ናሙናውን ደሴ ሰጥቶ መንገድ የሚጀምር አለ። እኔ አልመክርም። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውቶቡስ ቀኑን ይበላዋል፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ካለ ወይ ጭነት መኪና ከተበላሸ ደግሞ ሰዓቱ መንገድ ላይ ያልቃል። ከኮምቦልቻ መብረር ይሻላል፤ በረራ ቢሰረዝ ግን ተመልሳችሁ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ መውጣታችሁ ነው። ቀድማችሁ አዲስ አበባ ግቡና እዚያ ተመርመሩ።

ስም። ወሎ ውስጥ መሐመድና ሰይድ የሌለበት ቤት የለም፤ መሐመድን አንዱ በአንድ ኤም፣ ሌላው በሁለት ኤም፣ ሰይድንም አንዱ በአይ፣ ሌላው በዋይ ይጽፈዋል። ፓስፖርታችሁን የምርመራ ወረቀቱን ለሚሞላው ጸሐፊ ስጡና ከዚያ ላይ ይገልብጥ፤ በቃል አትናገሩ። የአያት ስም መኖሩን መስኮቱ ጋ ቆማችሁ አረጋግጡ። ከሄዳችሁ በኋላ ማስተካከል ሌላ ወረፋ ነው።

የክትባት ካርድ ላይ ቀኑ በፈረንጅ ይጻፍ። አንዲት ደንበኛዬ የያዘችው ካርድ 2013 ይል ነበር። ትክክል ነው፣ በእኛ። ወረርሽኙ ከመነሳቱ ከዓመታት በፊት ተከተበች ብሎ የሚያነበው የውጭ አገር መኮንን ግን ምን ያድርግ? ቀኑን በፈረንጅ አስጽፋ፣ ማህተም አስመትታ መጣች።

የቢጫ ወባ ካርድ ከኮቪድም በፊት ነበረ፣ ዛሬም ይጠየቃል። ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው የሚጸናው፤ ስለዚህ ለመጨረሻው ሳምንት አይተውም። ከ2008 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ «10 ዓመት ሞልቶታል፣ አሳድሱ» የሚል ካለ ገንዘባችሁን አትስጡ።

ሁሉንም በሁለት በሁለት አሳትሙ። ኪውአር ኮድ ያለበት ገጽ በቀለም ሳይደበዝዝ መውጣቱን በስልካችሁ ካሜራ ሞክሩ። አንዱን ቅጂ በእጅ ቦርሳ ያዙ፣ ሌላውን ለሸኚያችሁ ስጡ፤ ወደ ካርጎ የሚገባው ሻንጣ ውስጥ አንድም ወረቀት እንዳይገባ።