በአሬንጀር ኪቦርድ ላይ በአንድ ጣት ኮርድ መያዝ

አሬንጀር ኪቦርድ (አጃቢ ሙዚቃውን ራሱ የሚጫወት ኪቦርድ) ባሱንና አጃቢውን የሚመራው ከመለያያው ነጥብ (ቁልፎቹን ለግራና ለቀኝ እጅ ከሚከፍለው ቦታ) በስተግራ የተጫኑትን ቁልፎች እያነበበ ስለሆነ፣ አስቀድመው ይህ ነጥብ የት እንደተቀመጠ ያረጋግጡ፤ ከዚያም የኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) አያያዙን ወደ ነጠላ ጣት ይቀይሩ።

በያማሃ የነጠላ ጣት ስልት ዶ ብቻ ሲጫን ዶ ሜጀር የሚባለው ኮርድ ይሰማል። ከዶ በስተግራ ያለው ቅርብ ጥቁር ቁልፍ ሲጨመር ማይነር፣ ነጩ ሲጨመር ሰባተኛ፣ ሁለቱም ሲጨመሩ ማይነር ሰባተኛ ይሆናል። እዚህ ላይ መሣሪያው የሚያነበው የጣቶቹን አቀማመጥ እንጂ የድምፆቹን ስምምነት አይደለም፤ ዶና ሲ አብረው ሲጫኑ ለጆሮ የሚጋጩ ቢሆኑም፣ አጃቢው የሚያሰማው ዶ፣ ሚ፣ ሶልና ሲ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሲ) ያሉበትን ኮርድ ነው። በካሲዮ ስልት ግን ተጨማሪዎቹ ቁልፎች ከመነሻው በስተቀኝ የትም ቢሆኑ ግድ የለም፤ የሚቆጠረው ብዛታቸው ነው፤ አንድ ለማይነር፣ ሁለት ለሰባተኛ፣ ሦስት ለማይነር ሰባተኛ።

ቁልፎቹን በአንድ ጊዜ ይጫኑ፤ አንዱ ከዘገየ ባሱ ለቅጽበት ሜጀሩን ሊይዝ ይችላል።

በእኔ እምነት በዚህ ስልት ብዙ መቆየት አይገባም፤ ዲሚኒሽድ የሚባለው የኮርድ ዓይነት እንኳ አይገኝበትም። ሙሉ ጣት በሚባለው፣ የኮርዱ ድምፆች ሁሉ በሚጫኑበት አያያዝ ሚ፣ ሶልና ዶ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢያዙ ኪቦርዱ ዶ ሜጀር መሆኑን ይለያል።