በነዳጅና ጋዝ ቁፋሮ ካምፕ የመጀመሪያውን ዙር ለሚጀምር ሰው

በነዳጅና ጋዝ ኩባንያ ተቀጠርኩ የሚል ሰው በመጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ደመወዙ ነው፤ ስለ ሥራው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በጂኦሎጂ፣ በሜካኒካል ወይም በኬሚካል ምህንድስና ተመርቆ፣ አለዚያም በቴክኒክ ሙያ ሠልጥኖ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቁፋሮ ካምፕ ለሚሄድ ሰው ነው። በአገራችን ይህ ሥራ በብዛት የሚታሰበው ከኦጋዴን ተፋሰስ ጋር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጋዝ የተገኘበት ካሉብና ጎረቤቱ ሂላላ የሚገኙትም በዚያው ነው። እኔ የሠራሁት በካምፑ አነጋገር «ማድ ሎገር» በሚባለው ቦታ ላይ ነው። በቁፋሮው ጭቃ፣ ማለትም በፓምፕ ወደ ጉድጓዱ በሚገፋው ፈሳሽ፣ ከጉድጓዱ የሚወጣውን የድንጋይ ስብርባሪና ጋዝ መመዝገብ ነበር ሥራዬ፤ ምክሬም በአብዛኛው ከዚያ ወንበር የታየ ነው።

ውል ከመፈረምዎ በፊት አሠሪዎ ማን እንደሆነ በትክክል ይወቁ። በአንድ የቁፋሮ ቦታ ላይ የመስኩ ባለፈቃድ፣ የመቆፈሪያ ማሽኑ (የሪጉ) ባለቤት፣ እንዲሁም ለሲሚንቶ፣ ለቁፋሮ ጭቃና ለመረጃ ምዝገባ ለየብቻ የተቀጠሩ አገልግሎት ሰጪዎች አብረው ይሠራሉ። በቱታዎ ላይ የተለጠፈው አርማ የግድ ደመወዝ የሚከፍልዎ ድርጅት አርማ አይደለም፤ ጉዳት ቢደርስብዎ ወይም ክፍያ ቢዘገይ የሚጠይቁት ውሉ ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሥራ ዙሩን፣ ማለትም በካምፕ ሳያቋርጡ የሚሠሩበትን ጊዜ፣ ከእረፍቱ ጋር በወረቀት ላይ ያስሉ። በሪግ ላይ ሥራ በቀን 12 ሰዓት ነው፣ የሳምንት እረፍት የሚባል ነገርም በዙሩ ውስጥ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ያደርገዋል፤ የሥራው ጠባይ ሰዓቱን በየሳምንቱ እኩል ለማከፋፈል የማይፈቅድ ሲሆን ግን ከአንድ ሳምንት በሚበልጥ ጊዜ አማካይ እንዲሰላ ይፈቅዳል። ስለዚህ ውሉ 28 ቀን ሥራ፣ 28 ቀን እረፍት የሚል ከሆነ፣ 336 ሰዓት ለ8 ሳምንት ሲካፈል 42 ይሆናል፤ አሠሪው «የትርፍ ሰዓት የለብኝም» ቢል ስሌቱ ይደግፈዋል። 42 ቀን ሥራ፣ 14 ቀን እረፍት ከሆነ ግን 504 ሰዓት ለዚያው 8 ሳምንት ተካፍሎ በሳምንት 63 ሰዓት ይመጣል፤ ከ48 በላይ ያለው ትርፍ በምን ስም እንደሚከፈል ውሉ ላይ ካልተጻፈ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ። «የበረሃ አበል» በሚል አንድ ቃል ሁሉን ለመጠቅለል የሚሞክር ውል አጋጥሞኛል። በጽሑፍ ማብራሪያ የጠየቅን ሦስት ሰዎች በጽሑፍ መልስ አገኘን፤ በቃል የጠየቁት ግን በቃል ተሸኙ።

ስለ ሻንጣ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቱታ፣ ሄልሜት፣ መነጽርና የደህንነት ጫማ ይሰጥዎታል፤ ይሁን እንጂ የጫማ ቁጥርዎ እስኪገኝ ሳምንት ሊያልፍ ስለሚችል አስቀድመው ያሳውቁ። በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ለዙሩ ከሚበቃው ሁለት ሳምንት የሚያስተርፍ ይያዙ፣ ለካምፑ ሐኪምም ያስመዝግቡት። አልኮልና ጫት በካምፑ ውስጥ ክልክል ናቸው፣ ድንገተኛ ምርመራም ይኖራል፤ አካባቢው ጫት የለመደ መሆኑ ይህን አያላላውም። ጾመኛ ከሆኑ፣ የዐቢይ ጾምም ይሁን ረመዳን፣ ለካምፑ ምግብ ኃላፊ በደረሱበት ዕለት ይንገሩ። ለሽፍት ኃላፊዎም ይንገሩ፤ በቆላ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ 12 ሰዓት ከሚሠራ ሰው ጋር ከባድ ዕቃ የሚያነሣው ባልደረባ ይህን ማወቅ አለበት።

አዲስ ገቢ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚሳሳትበት አንድ ነገር ሰዓት ነው። ሽፍቱ የሚለወጠው ከጠዋቱ 12 ሰዓትና ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነው፤ በሪፖርት ላይ ግን 06:00 እና 18:00 ተብሎ ይጻፋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት 03:00 ነው። እርስ በርስ በአማርኛ ስንነጋገር በራሳችን አቆጣጠር፣ ስንጽፍ ደግሞ በሌላው ስለሆነ፣ በድካም መካከል እጅ የለመደውን ይጽፋል። የእጅ ሰዓትዎን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ያስተካክሉ፣ ቀኑንም በማስታወሻዎ ራስጌ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ይጻፉት።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሰጥተው ሊማሩት የሚገባው ርክክብ ነው። የመጀመሪያ ዙሬ ላይ የተረከብኩት የቀን ሽፍት ባልደረባ «ሁሉም ደኅና ነው፤ ሰዓቱ 60 ደቂቃ ነው» ብሎኝ ሄደ። ሰዓቱ ያለው መሰርሰሪያው ጉድጓዱ ግርጌ ላይ የፈጨው ድንጋይ በጭቃው ተገፍቶ ወለል ላይ እስኪደርስ የሚፈጀውን ጊዜ ነው። በየ5 ሜትሩ ናሙና ከሚንቀጠቀጠው ወንፊት ላይ እዘግናለሁ፣ አጥባለሁ፣ ከረጢቱ ላይም የመጣበትን ጥልቀት እጽፋለሁ። ያልነገረኝ ነገር ቢኖር፣ ከመውጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ የጭቃው ፓምፕ በደቂቃ ከ100 ምት ወደ 70 መቀነሱን ነው። ፓምፑ ሲቀንስ ድንጋዩም ይዘገያል፤ 60 ደቂቃ የነበረው ወደ 86 ደቂቃ ሆኖ ነበር። በሰዓት 10 ሜትር እየተቆፈረ ስለነበር እያንዳንዱን ከረጢት ከ4 ሜትር በላይ ባሳሳተ ቁጥር ስሞላ አደርኩ። ጠዋት ጂኦሎጂስቱ የጋዙ መጠንና የድንጋዩ ዓይነት ለምን እንደማይገጥሙ ሲጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። ስህተቱ ያስረከበኝ ባልደረባ ነው ማለት እችል ነበር፤ ግን የፓምፑ ቆጣሪ ከፊቴ ነበር፣ እኔም አላየሁትም።

ስለዚህ ሲረከቡ «ደኅና ነው» የሚለውን መልስ አይቀበሉ፤ «ባለፉት ሁለት ሰዓታት ምን ተለወጠ? ምን ተከፍቶ ቀረ? ያልተጨረሰው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ፣ ቁጥሮቹንም ራስዎ ከመሣሪያው ላይ ያንብቡ። ለዚህ ሲባል ከሽፍቱ 20 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል፤ የሚታሰብ ክፍያ የለውም፣ ግን ያዋጣል።

የእኔ ጥፋት ከረጢት ብቻ አበላሸ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1988 በሰሜን ባሕር ላይ በነበረው የፓይፐር አልፋ መድረክ ግን 167 ሰዎች ሞተዋል። አንደኛው ፓምፕ የግፊት መከላከያ ቫልቩ ለጥገና ተነሥቶ በክዳን ብቻ ተዘግቶ ነበር፤ ይህን የሚገልጸው ወረቀት ግን ለሌሊቱ ሽፍት በአግባቡ አልደረሰም፤ ሌላው ፓምፕ ሲቆም ያንን አስነሡት፣ ጋዝ ወጣ፣ ተቀጣጠለ። የሥራ ፈቃድ፣ ሠራተኛው «ፐርሚት» የሚለው ቅጽ፣ ለዚህ ነው የሚሞላው። ብየዳ፣ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ መግባት፣ የኤሌክትሪክ መስመር መክፈት ሁሉ ቅጽ አለው፣ ቅጹም የሚሞላው ሥራው ባለበት ቦታ ላይ ሆኖ ነው። ቢሮ ተቀምጦ የተፈረመ ቅጽ ላይ ስምዎን አያኑሩ። ሥራ ለማስቆም የሚያስችል መብት እንዳለዎት በመጀመሪያው ቀን ገለጻ ይነገርዎታል፤ አለቃ ፊት «ይቁም» ማለት ለእኛ ባህል ከባድ ስለሆነ፣ «አንድ ነገር አልገባኝም፣ ከመቀጠላችን በፊት ቢያስረዱኝ» በሚል ይጀምሩት። ያው ሥራ ይቆማል።

ስለ ጋዝ ሁለት ነገር በቃል ይያዙ። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ወደ 100 ፒፒኤም (ከአየሩ ሚሊዮን እጅ 100 እጅ) ሲደርስ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ባለ ቦታ ይተኛል፤ ማንቂያው ሲጮኽ ወደ ጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ወዳለው ጎድጓዳ ቦታ አይውረዱ፣ የወደቀ ሰው ቢያዩ እንኳ የመተንፈሻ መሣሪያ ሳያደርጉ ወደ እሱ አይሩጡ። የንፋስ አመልካቹን ጨርቅ ዐይተው ንፋሱን አቋርጠው ከጋዙ መንገድ ይውጡ፣ ከዚያ ንፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ወዳለው መሰብሰቢያ ይሂዱ። ሁለተኛው፣ ፓምፕ ቆሞ ሳለ ጭቃ ከጉድጓዱ መውጣቱን ካላቆመ፣ ወይም በገንዳው ያለው ጭቃ ያለምክንያት ከጨመረ፣ የታችኛው ግፊት ከጭቃው ክብደት በልጧል ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ «ልጠብቅና ላረጋግጥ» ሳይሉ ለድሪለሩ፣ ማለትም መቆፈሪያ ማሽኑን ለሚያንቀሳቅሰው ሰው፣ ወዲያው ይንገሩ። ጉድጓዱን መዝጋት የእሱ ሥራ ነው፤ የእርስዎ ሥራ መናገር ነው። ተሳስተው ቢሆን አምስት ደቂቃ ይባክናል።

የሌሊት ሽፍት ከደረሰዎ ለእንቅልፍ ይጠንቀቁ። የኮንቴይነሩን መስኮት በወፍራም ጨርቅ ይሸፍኑ፣ ስልክዎን ያጥፉ፣ ለቤተሰብዎም የሚደውሉበትን አንድ ሰዓት ይንገሩ፤ አለዚያ በእኩለ ቀን እናትዎ «ምነው ጠፋህ» ብለው ይቀሰቅሱዎታል፣ እርስዎም ማታ ሪግ ላይ ያንቀላፋሉ።

በዙሩ መጨረሻ ሻንጣዎን ከመዝጋትዎ በፊት ለሚተካዎት ሰው አንድ ገጽ ይጻፉ፦ አሁን ያለው ጥልቀት፣ የጭቃው ክብደት፣ የፓምፑ ምት፣ የተበላሸና ተጠግኖ ያልተረጋገጠ መሣሪያ፣ የታዘዘና ያልመጣ ዕቃ። ሰውየው ከመኪና ሲወርድ ደክሞ ስለሚሆን አብረውት ወደ ወንፊቱ ይውጡ፣ ቆጣሪውን በጣትዎ ያሳዩት፣ ቁጥሩንም ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልዎ ያድርጉ። ከዚያ መኪናው ይጠብቅዎታል።