ሩቁ ተራራ አልርቅ ሲል፦ የስሜን ሰንሰለትን በአክሪሊክ ለሚሥሉ

ችግር፦ ሩቁ ተራራ ወደ ፊት ይመጣል፤ ሰንሰለቱ ሁሉ አንድ ላይ የተለጠፈ ይመስላል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የቀለሙን ዓይነት ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥላው መጥቆሩ ነው። በእኛና በተራራው መካከል ያለው አየር ብርሃን ይበትናል፣ በተለይ ሰማያዊውን። ስለዚህ ርቀት ሲጨምር ቀድሞ የሚሳሳው ጥላ ነው። ከስሜኑ ከፍተኛ መመልከቻ ከእሜት ጎጎ ሆነው ሲያዩ የሩቁ ገደል ጥላ እግርዎ ሥር ካለው ጥቁር ድንጋይ ይነጣል።

መፍትሔ፦ ሥዕሉን በስልክ አንስተው ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ያድርጉት። ተራሮቹ ከተመሳሰሉ ቀለሙን እንደገና ይበጥብጡ። ኡልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) ሲቀላቀሉ ጥሩ ጥቁር ግራጫ ይወጣቸዋል። ከአድማሱ አጠገብ ሰማዩን የቀቡበትን ቅልቅል አይጣሉት፤ መነሻዎ እሱ ነው። ለሩቁ ተራራ 4 እጅ የሰማይ ቅልቅል በ1 እጅ ግራጫ፣ ለቀጣዩ 2 በ1፣ ከዚያ 1 በ1፤ ግራጫው ብቻውን ለፊተኛው ድንጋይና ለጅብራው ግንድ ይቆይ። የቀለም ጉልበት ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ልኩን በዓይን ያስተካክሉ። ግራጫውን ወደ ሰማዩ ቅልቅል ይጨምሩ እንጂ አይገልብጡት፤ ያለዚያ ግራጫውን ለማንጣት ሲሉ ነጭ ቀለምዎ ያልቃል።

ችግር፦ እርጥብ ሳለ ልክ ነበር፣ ሲደርቅ ጠቆረ።

የአክሪሊክ ማጣበቂያው እርጥብ ሳለ ወተት መሳይ ነው፤ ሲደርቅ ጥርት ስለሚል ቀለሙ ይጠቁራል። ካርቶን ላይ ቀብተው በፀጉር ማድረቂያ ካደረቁ በኋላ ያመሳክሩ፣ አንድ ደረጃ አንጥተውም ይቅቡ።

ችግር፦ ተራራው በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት ይመስላል።

ጠርዙ ከላይ እስከ ታች እኩል ስለጠነከረ ነው። ጭጋግ የሚተኛው ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ የተራራው ግርጌ ከጫፉ መንጣት አለበት። ቀለሙ ሳይደርቅ በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ግርጌውን ወደ ታች ይሳቡት። ከደረቀ ግን ጥቂት ቲታኒየም ነጭ በአክሪሊክ ሚዲየም (ቀለም በሌለው ማጣበቂያ) አሳስተው እንደ ስስ ሻሽ ያልብሱት፤ እያደረቁ 2 ወይም 3 ጊዜ። በውኃ ብቻ ካቀጠኑት ማጣበቂያው ይደክምና ነቁጥ ነቁጥ ይላል።

ችግር፦ ሁሉም ሰማያዊ ሆነ።

ይህ የወቅት ጉዳይም ነው። ከክረምት በኋላ አየሩ ታጥቦ ሰማያዊው ይጠራል፤ በበጋ መጨረሻ ግን አቧራው ጭጋጉን ያገረጣዋል። የሎ ኦከር (አፈርማ ቢጫ) በብሩሽ ጫፍ ያህል ጠብ ያድርጉበት። ፀሐይ ያረፈበትን ገደል ደግሞ ሰማያዊ አያልብሱት።

የድንጋይ ስንጥቅና የጓሳ ሣር ዘንግ ሩቁ ላይ ከታየ ደግሞ ምንም ቅልቅል አያድነውም፤ በዚያው በሰማዩ ቅልቅል ይሸፍኑት።