ቮልስ ሲሞቅና ጉልበት ሲያጣ፦ ችግሩን ከየት እንፈልገው?

ቮልስ ራዲያተር የለውም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዙት አየርና ዘይት ናቸው። ስለዚህ ካርቡራተር ለመፍታት አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን እዩ።

እየነዳችሁ ቀዩ የዲናሞ መብራት በራ? ወዲያው ዳር ይዛችሁ ቁሙና ሞተሩን አጥፉ። ባትሪው ቤት ያደርሰኛል ብላችሁ እንዳትቀጥሉ! ዲናሞውንም ቬንትሌተሩንም (አየር የሚነፋውን ማራገቢያ) የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ስለሆነ፣ እሱ ከተበጠሰ ሞተሩ አየር አያገኝም፣ ብዙም ሳይቆይ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። ቺንጋው ካለና ካልላላ ጥፋቱ የዲናሞው ወይም የሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ኃይል የሚቆጣጠረው) ነው። የቺንጋውን መሐል በአውራ ጣት ስትጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል መግባት አለበት።

ቺንጋው ደህና ሆኖ ሞተሩ ከልክ በላይ ከሞቀ ዙሪያውን የያዘውን ላስቲክና ላሜራ ፈትሹ። ብዙ ሰው ይንቀዋል። ላስቲኩ ከተቀደደ ወይም አንዷ ላሜራ ከጎደለች ከሥር የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ በቬንትሌተሩ ይሳባል፣ ሞተሩም የራሱን ሙቀት ሲምግ ይውላል። ከዚያ በኋላ ታይሚንጉን (ሻማው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) እዩ።

ጉልበት ካነሰው፣ በካርቡራተር በኩልም ካስነጠሰ፣ ወደ ቫልቭ ሂዱ። በአብዛኞቹ ሞተሮች በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሚለካውም ሞተሩ አድሮ ጭልጥ ብሎ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ጠቅ ጠቅ የሚል ቫልቭ ያስደነግጣል እንጂ እኔን የሚያሰጋኝ ድምፁን ያጠፋው ነው። ክፍተቱ የጠበበበት ቫልቭ በደንብ አይገጥምም፣ ሙቀቱን ለመቀመጫው ማስረከብ ስለማይችል ይቃጠላል። በተለይ በግራ በኩል ከፊት ያለውን 3ኛውን ሲሊንደር አደራ! ከ1970 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው እዚያው የአየር ቤት ውስጥ ተገትሮ ወደዚህ ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ስለሚከለክል ከሁሉም የሚሞቀው እሱ ነው። የጭስ ማውጫ ቫልቩን አስተካክላችሁት በሚቀጥለው ልኬት እንደገና ጠቦ ካገኛችሁት ቫልቩ እየተሳበ (እየረዘመ) ነው። ማስተካከሉን ተዉትና ተሰብሮ ፒስተኑን ሳይበሳ ቴስታታውን (ቫልቮቹ ያሉበትን የሲሊንደር ክዳን) አውርዱ።

የዘይት መብራቱ ሞተሩ ሲሞቅ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው) ብልጭ ድርግም እያለ ነዳጅ ስትሰጡት የሚጠፋ ከሆነስ? መጠኑን ለኩ፣ ጠቅላላው 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ትንሽ ጉድለት ብዙ ነው። ዘይቱ ሞልቶ፣ ውፍረቱም ትክክል ሆኖ ካልተሻለው የመብራቱን ስዊች ቀይሩ፣ ርካሹ እሱ ነው። አሁንም ከቀጠለ ግፊቱን በጌጅ አስለኩ፣ ዝቅ ካለ ብሮንዚናው (ኮሎው የሚዞርበት ማስቀመጫ) ተበልቷል ማለት ነው፣ ሞተሩ መውረድ አለበት።